ልጆቹ ሁሉ ታሪካቸውን «ከእንቅልፉ ተነስቶ» ብለው ይጀምራሉ፤ መክፈቻ እንዴት ላስተምራቸው?

ሐይቅ ዳር (ክሩን የከፈተችው)

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ሰዎች። ሐዋሳ ውስጥ ቅዳሜ ጠዋት ከ3፡00 እስከ 5፡00 ሰዓት የሚገናኝ የልጆች የድርሰት ክበብ አለን። 24 ልጆች ናቸው፣ ከ6ኛ እስከ 8ኛ ክፍል። ግማሽ የሚሆኑት ቤታቸው የሚናገሩት ሲዳምኛ ነው። ወሬ ሲያወሩ ሰው ያስቀራሉ፤ እርሳስ ሲይዙ ግን የሁሉም አጀማመር አንድ ይሆናል። ሰሞኑን የጻፉትን ለይቼ ቆጠርኩት፦ 11ዱ ከእንቅልፍ መነሳት፣ 7ቱ «ከዕለታት አንድ ቀን»፣ 3ቱ ፀሐይና ወፎች፣ 2ቱ «በዚህ ታሪክ የምነግራችሁ ስለ...»፣ 1ዱ ደግሞ «ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኘው ውቧ ሐዋሳ»።

ለምሳሌ አንዱን አሳጥሬ አስቀምጠዋለሁ፦

«ከዕለታት አንድ ቀን በሐዋሳ ከተማ የሚኖር ታምሩ የሚባል ልጅ ነበር። ታምሩ ጎበዝ፣ ታዛዥና ትምህርቱን የሚወድ ልጅ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ከእንቅልፉ ተነስቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ቁርሱን በልቶ፣ አባቱን ሊረዳ ወደ ሐይቁ ሄደ። እዚያ ሲደርስ የአባቱ ጀልባ የለችም። ታምሩ በጣም ደነገጠ።»

«አጓጊ አድርጉት» ስላቸው «ጓ!» ብለው ይጀምራሉ፣ ወይም «አንድ አስፈሪ ነገር ተከሰተ» ይላሉ። የሚሠራ መልመጃ፣ ከነደቂቃውና ከነቅደም ተከተሉ፣ የምታውቁ ብትነግሩኝ።

ጠመኔ

ቆጥረሽ መምጣትሽ ሥራውን ያቀለዋል፤ የየቡድኑ ምክንያት የተለያየ ነውና።

«በዚህ ታሪክ የምነግራችሁ» የሚሉትና ባለ 275 ኪሎ ሜትሩ ልጅ ችግራቸው አንድ ነው፣ የሐተታ ልማድ። ክፍል ውስጥ ድርሰት መግቢያ፣ ሐተታና መደምደሚያ አለው ተብለው ተምረዋል። የሐተታ መግቢያ የሚመጣውን አስቀድሞ ይናገራል፣ ሥራውም ይኸው ነው። የታሪክ መክፈቻ ግን ከሚያውቀው ቆንጥሮ ይሰጣል፣ የቀረውን ይይዛል። ልጆቹ የተማሩትን በደንብ ይዘውታል፤ የሳቱት ቦታውን ነው። ስለዚህ «ስሕተት ነው» አትበያቸው። «ይኼ ለጋዜጣ ጽሑፍ ይሆናል፣ ዛሬ የምንሠራው ሌላ ነው» በያቸው።

ከእንቅልፍ የሚነሱት ሌላ ናቸው። ልጁ ታሪኩ የት እንደሚጀምር ገና ስላላወቀ ቀኑ ከሚጀምርበት ይጀምራል። ቋንቋችንም ያግዘዋል። አንዱ ቦዝ አንቀጽ ሌላውን ይጠራል፦ ተነስቶ፣ ታጥቦ፣ ለብሶ፣ በልቶ፣ ወጥቶ። ማሰሪያ አንቀጹ መጨረሻ ላይ ቆሞ ስለሚጠብቅ ልጁ መንገዱን ሲሞላ ይውላል። እነዚያ ዓረፍተ ነገሮች እጅ ማፍታቻ ናቸው። በረቂቁ ላይ ይጻፋቸው፣ አትከልክይው፤ ከከለከልሽው ባዶ ገጽ ይዞ ይቀመጣል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሙሉ ታሪኩን ይጨርሱ፣ ከ1 ገጽ እስከ 1 ገጽ ተኩል ይበቃል። ይኼ የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ደብተራቸውን ገልጠው ከላይ ወደ ታች ያነባሉ፤ ከሌላው ቀን የተለየ ነገር መጀመሪያ የሚታይበት ቦታ ላይ ሲደርሱ በእርሳስ ጭረት ያሰምራሉ። 3 ደቂቃ ብቻ ስጪያቸው። ጊዜው ከረዘመ ቦታውን እያማረጡ ወደ ላይ ይመለሳሉ። ከዚያ ከጭረቱ በላይ ያለውን በሌላ ወረቀት ይሸፍኑና የታችኛውን ለጓደኛቸው ያነቡለታል። ጓደኛው ታሪኩን ከተከተለ የተሸፈነው አያስፈልግም ነበር ማለት ነው። ያልገባው ነገር ካለ ያንን ብቻ ከተሸፈነው አውጥተው ወደ ታች ያስገቡታል። አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ስም ነው፣ ወይም «አባቱ ዓሣ አጥማጅ ነው» የመሰለ አንድ መረጃ።

«ይሸፍኑ» ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ «ይሰርዙ» እንዳትያቸው። 5 መስመር ሰርዝ የተባለ ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ 5 መስመር አይጽፍልሽም።

በታምሩ ታሪክ ላይ ጭረቱ የሚያርፈው «የአባቱ ጀልባ የለችም» ላይ ነው። ከላይ ካሉት 3 ዓረፍተ ነገሮች የምንፈልገው «ታምሩ» የሚለውን ስም ነው፤ ምናልባት «ጠዋት» የሚለውንም።

ድርብ ሰረዝ

እኔ በዚያችው ጀልባ ላይ ልቆይ፤ ጭረቱ የሥራው ግማሽ ነውና።

«የአባቱ ጀልባ የለችም። ታምሩ በጣም ደነገጠ።» እዚህ ላይ አንባቢው ወሬውን ሰማ እንጂ ምንም አላየም። የሌለ ነገር አይታይም። «የለችም» ከተባለ በእሷ ቦታ ምን እንዳለ መታየት አለበት። ልጁን «ጀልባዋ በነበረችበት ቦታ አሁን ምን አለ?» ብለሽ ጠይቂው። ካስማ ይላል፣ ገመድ ይላል፣ ጭቃው ላይ የተጎተተ ነገር ዱካ ይላል። አንዱን ብቻ ይምረጥ።

«ታምሩ ሲደርስ ካስማው ላይ ገመዱ ብቻ አለ። ጀልባዋ የለችም።»

ቅደም ተከተሉን ተመልከቱት። ገመዱ ይቀድማል፣ የጀልባዋ መጥፋት ይከተላል። ተገልብጦ «ጀልባዋ የለችም፣ ካስማው ላይ ገመዱ ብቻ አለ» ቢባል ትልቁ ወሬ ቀድሞ ያልቅና ገመዱ ተራ ዝርዝር ይሆናል። በአማርኛ ከባዱ ቦታ መጨረሻው ነው፣ ማሰሪያው የተቀመጠበት። ልጆች ይኼን በጆሯቸው ያውቁታል፤ ቀልድ ሲያወሩ የሚያስቀውን ቃል መጨረሻ ድረስ ይይዙታል። «እንደ ቀልድ አውሩት» ስትያቸው ቶሎ ይገባቸዋል።

ቀጥሎ «ታምሩ በጣም ደነገጠ» ይውጣ። ደነገጠ፣ ፈራ፣ ተገረመ፣ አዘነ የሚሉ ማሰሪያዎች በመጀመሪያዎቹ 3 ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ እንዳይገቡ ሕግ አድርጊው። በምትካቸው እጁ ወይም እግሩ ምን እንዳደረገ ይጻፍ።

«የገመዱን ጫፍ አንስቶ አየው።»

መደንገጡ እዚህ ውስጥ አለ። ከዚህም በላይ አንባቢው የገመዱን ጫፍ ከልጁ ጋር አብሮ ለማየት ያጎነብሳል። ጫፉ ምን ሆኗል? ተፈትቶ ከሆነ አሳሳሩን የሚያውቅ ሰው ነው የፈታው፣ ወይም ማታ ያሰረው ሰው አላጠበቀውም፤ እሱ ራሱ ታምሩ ከሆነስ? በቢላ ተቆርጦ ከሆነ ሌባ አለ። ተበጥሶ ክሩ ተተርትሮ ከሆነ ሌሊት ማዕበል ነበር ማለት ነው፣ አባትየውም ጀልባዋ ላይ ከነበረ ታሪኩ ሌላ ይሆናል። ተፈትቶ፣ ተቆርጦ፣ ተበጥሶ፦ በአንድ ቃል ልዩነት 3 ታሪክ ነው።

ለመልመጃው ጊዜ ብቻ አንድ ገደብ ጨምሪ፦ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ከ12 ቃል አይብለጥ፣ ቦዝ አንቀጽም ከ1 በላይ አይኑረው። ይኼ ለዘለቄታው ሕግ እንዳይሆን፤ ረጅም መክፈቻ በደንብ የሚጽፉ አሉ። ግን መጀመሪያ አራት ነጥቡን የት እንደሚያሳርፉት እጃቸው ይልመድ።

የላም በረት

በ«ከዕለታት አንድ ቀን» ላይ ፍርዱ የፈጠነ መሰለኝ። ሐረጉ ጥፋት የለበትም።

ተረት ሲነገር ተራኪው «ተረት ተረት» ይላል፣ ሰሚው «የላም በረት» ብሎ ይመልሳል። ይኼ ውል ነው። ሰሚው ለመስማት እሺ ብሏል፣ ስለዚህ ተራኪው እሱን ለመያዝ ብዙ አይለፋም። ወረቀት ላይ «የላም በረት» የሚል የለም። ልጁ ሐረጉን ይዞ ውሉን ትቶት መጣ።

ሌላም የተወው ነገር አለ። በደንብ የሚነገር ተረት የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ጉድለት ያስቀምጣል። «ልጅ የሌላት አንዲት ሴት ነበረች» ሲባል ሴትየዋ የምትፈልገውን አውቀናል፣ ታሪኩ ወዴት እንደሚሄድም ጠርጥረናል። «3 ልጆችና 1 በሬ ያለው ሽማግሌ ነበር» ሲባል ጠቡ ከወዲሁ ይሰማናል። «ጎበዝ፣ ታዛዥና ትምህርቱን የሚወድ ልጅ ነበር» ሲባል ግን ምንም የጎደለው የለም። የጎደለው የሌለ ሰው ከተቀመጠበት አይነሳም።

ስለዚህ ሐረጉን አትንጠቂያቸው፣ ጉድለቱን መልሺላቸው። ሰሌዳ ላይ «ከዕለታት አንድ ቀን ... የሌለው ... ነበር» ብለሽ ጻፊ። በ5 ደቂቃ እያንዳንዱ ልጅ 10 ይሙላ። ፍጥነቱ ይጠቅማል፤ የመጀመሪያዎቹ 4 ወይም 5 ከሰሙት ተረት የመጡ ይሆናሉ፣ የራሳቸው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መረብ የሌለው ዓሣ አጥማጅ፣ ደወል የሌለው ትምህርት ቤት፣ ጥላ የሌላት ልጅ። ከዚያ ጉድለቱ ችግር የማይፈጥርባቸውን ይሰርዙ። ጫማ የሌለው ዓሣ ያስቃል፣ ግን ዓሣ ጫማ ስለማያስፈልገው ታሪኩ ከመጀመሪያው መስመር አያልፍም። ከተረፉት አንዱን መርጠው አሁን «ከዕለታት አንድ ቀን»ን እና «ነበር»ን ያውጡ። «ዓሣ አጥማጁ መረብ የለውም። ዛሬም ወደ ሐይቁ ወረደ።» ሐረጉ ሄደ፣ ተረቱ ግን ውስጡ ቀረ።

ለ3ኛና ለ4ኛ ክፍል ልጆች እዚያው ላይ ቢቆም ይበቃል፣ ሐረጉንም ይያዙት።

ሐይቅ ዳር

እግዜር ይስጥልኝ፣ መምህር ጠመኔም ሁላችሁም። ይኼን ቅዳሜ በጭረቱ እጀምራለሁ። አንድ ነገር ላንሳ። አንዲት የ8ኛ ክፍል ልጅ እንዲህ ጽፋለች፦ «እሱ እዚያ አለ። እሷም ታውቃለች። ያ ነገር ግን አልቀረም።» ልጆቹ በጣም ወደዱት፣ «ያጓጓል» አሉ። እኔ ግን አንብቤ የያዝኩት ነገር የለም። ምን ልበላት?

አባ ኮዳ

ወደዱት ማለት ድምፁን ወደዱት ማለት ነው። ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር ናቸው፣ ምትም አላቸው። ይኼን ንገሪያት፣ እውነተኛ ችሎታ ነውና። ቀጥለሽ ጉጉትንና ግራ መጋባትን አስለያት።

መለያው ይኼ ነው። የአንባቢው ጥያቄ ስም ያለው ነገር ይዞ የሚመጣ ከሆነ ጉጉት ነው፦ «ገመዱን ማን ቆረጠው?» ጥያቄው ባዶ ከሆነ ግራ መጋባት ነው፦ «እሱ ማነው? እዚያ የት ነው? ያ ነገር ምንድነው?» የልጅቷ 3 ዓረፍተ ነገሮች 4 ነገር ደብቀዋል፣ እሱን፣ እሷን፣ እዚያን፣ ያ ነገርን። በመክፈቻ ውስጥ የሚደበቀው 1 ነገር ብቻ ይሁን፣ የቀረው ሁሉ በስሙ ይጠራ። «ጋሽ ደምሴ ማድቤት ውስጥ ናቸው። እማዬም ታውቃለች። ያ ነገር ግን አልቀረም።» አሁን የተደበቀው «ያ ነገር» ብቻ ነው፣ ስለዚህ ይጎትታል።

ይኼን ልጆቹ ራሳቸው እንዲፈትኑት ቁራጭ ወረቀት አድያቸው። አንዱ 3 ዓረፍተ ነገር ያነብና ደብተሩን ይዘጋል። ሰሚው በ1 ደቂቃ ውስጥ ከላይ «ያየሁት»፣ ከታች «ማወቅ የምፈልገው» ብሎ ይጽፋል። የላይኛው ባዶ ከሆነ መክፈቻው ውስጥ የሚጨበጥ ነገር የለም። የታችኛው ባዶ ከሆነ፣ ወንድማችን «የላም በረት» ከላይ የተናገረለት ጉድለት የለም ማለት ነው። ታች ከ2 በላይ ጥያቄ ከተጻፈ በጣም ተደብቋል። ጸሐፊው እንዳይከራከርና እንዳያብራራ አጥብቀሽ ንገሪው። አንባቢ ቤቱ ሆኖ ሲያነብ ጸሐፊው አጠገቡ ተቀምጦ «እንዲህ ለማለት ፈልጌ ነው» አይለውም።

«ጓ!» የማይሠራው ድምፅ የሚያስደነግጠው ከጸጥታ በኋላ ስለሆነ ነው። ገጹ ሲጀምር ገና ጸጥታ የለም። ድምፁን ወደ 2ኛው ዓረፍተ ነገር ያውርዱት፦ «ቤቱ ውስጥ ማንም የለም ተብሏል። ማድቤት ውስጥ የድስት ክዳን ወደቀ።» ቃለ አጋኖም አላስፈለገው።

በንግግር መጀመርን ደግሞ አትርሺ፤ አማርኛ እዚህ ላይ ሀብታም ነው። «ግባ»፣ «ግቢ»፣ «ግቡ»፣ «ይግቡ»፦ አንዷ ቃል ብቻ የተጠራው ወንድ ይሁን ሴት፣ አንድ ይሁን ብዙ፣ የሚከበር ይሁን እኩያ ትናገራለች። ይኼን በግጭት ላይ አውሉት፦

«ይግቡ፣ ጋሼ። አንተ ግን ውጭ ቆይ።»

6 ቃል ነው፤ 3 ሰዎች አሉ፣ በር አለ፣ በደልም አለ። «እማዬ ዛሬ ‹እርስዎ› አለችኝ» ብሎ የሚጀምር ልጅም ቤት ውስጥ የሆነውን ሁሉ በአንድ ተውላጠ ስም ጀምሮታል።

በንግግር ሲጀምሩ የሚበላሸው ሰላምታ ላይ ነው። «ሰላም ነህ?» «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንተስ?» እያሉ 6 መስመር ይሄዳል። ሰላምታው ካለቀ በኋላ ካለው የመጀመሪያ ንግግር ይጀምሩ። ሌላው ችግር ተናጋሪዎቹ አካል ያጣሉ፣ ድምፅ ብቻ ይሆናሉ። ከ2 ንግግር በኋላ አንድ እጅ አንድ ነገር ይሥራ፣ በር ይያዝ፣ ሻይ ይቅዳ። ማን እንደተናገረም እስከ 3ኛው መስመር ድረስ ይታወቅ።

ታቦር ሥር

ስለ ቦታና ስለ ቋንቋ ልጨምር።

«ውቧ ሐዋሳ» የሚለውን ልጅ መቼት ከምን እንደመጣ ጠይቁት። «መቼ» እና «የት» ተጋጥመው ነው። ልጆች «የት»ን ይጽፉና «መቼ»ን ይተዋሉ፤ ሰዓት የሌለው ቦታ የፖስታ ካርድ ይሆናል። ከተቻለ አንድ ጠዋት አሞራ ገደል ወይም ፍቅር ሐይቅ ይዘሻቸው ውረጂ። 20 ደቂቃ ይበቃል። ውሃው ጉማሬ ስላለበት ከዳር ራቅ ብለው ይቀመጡ፣ ለ24 ልጅ ቢያንስ 3 አዋቂ ይኑር። እያንዳንዱ 3 ድምፅ፣ 2 ሽታና ሌላ ሰው ያላየውን 1 ነገር ይጻፍ። ውብ፣ ማራኪ፣ አስደናቂና ደስ የሚል የተባሉት ቃላት ለዚያ ቀን ተከልክለዋል።

ለምሳሌ አባ ኮዳዎቹ (መድረካችን ላይ ያለውን ወንድማችንን ሳይሆን ወፎቹን ማለቴ ነው) ዓሣ የሚበልቱትን ሰዎች ከበው ይቆማሉ፣ ትርፍራፊውን ይጠብቃሉ። ሁሉም ልጅ ይኼን ይጽፋል። አንዱ ግን «ከአባ ኮዳዎቹ አንዱ ብቻ ለዓሣው ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል» ብሎ ቢጽፍ መክፈቻው ተገኘ። ከሁሉ የተለየው አንዱ ላይ ዓይናቸውን እንዲጥሉ ንገሪያቸው።

ፀሐይና ወፎችም እንዲሁ። አየር ጠባይ በመክፈቻ ውስጥ ሥራ ካለው ይቆይ። «ሌሊት የዘነበው ዝናብ ዱካውን ሁሉ አጥቦታል» የሚለው ዝናብ ሥራ ሠርቷል። «ሰማዩ ጠርቷል፣ ወፎች ይዘምራሉ» የሚለው አልሠራም።

ሲዳምኛ ተናጋሪዎቹን በተመለከተ፣ መጀመሪያ በአፋቸው በሲዳምኛ ይንገሩት፣ ቋንቋውን ለሚያውቅ ጓደኛ፣ 2 ደቂቃ። ከዚያ በአማርኛ ይጻፉ። ሲዳምኛም እንደ አማርኛ ማሰሪያውን መጨረሻ ላይ ስለሚያደርግ ድርብ ሰረዝ ያለው የገመድና የጀልባ ቅደም ተከተል ሳይበላሽ ይሻገራል። የሚቸግራቸው ሰዋስው አይደለም። «ድርሰት ነው» ሲባሉ ከመማሪያ መጽሐፍ የተጠረበ አማርኛ ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ የራሳቸውን ነገር ትተው የማያውቁትን ይጽፋሉ። የቤታቸውን ነገር በስሙ እንዲጠሩት ፍቀጂላቸው።

ስለ ፊቼ ጨምበላላ ጻፍ የተባለ ልጅ «በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ» ብሎ ይጀምራል። እውነት ነው፣ ግን መረጃ ነው። ቡርሳሜው (በቅቤ የሚሠራው የእንሰት ምግብ) ወደሚቀርብበት ሻፌታ፣ ማለትም ወደ ሸክላው ገበታ፣ አምጪው፣ ማን ማን ዙሪያውን እንደተቀመጠ ጠይቂው።

«ሻፌታው ዙሪያ 7 ሰው መቀመጥ ነበረበት። 6 ነን።»

ፊቼ የዕርቅ ጊዜ መሆኑን የሚያውቅ አንባቢ 7ኛው ሰው ማን እንደሆነና ከማን እንደተጣላ መጠየቅ ይጀምራል። የማያውቀውም የጎደለውን ሰው ይፈልጋል። ማብራሪያው ቀስ ብሎ ገጽ 2 ላይ ይመጣል።

ክፍል 65

ይቅርታ መምህር ጠመኔ፣ ይኼ ሁሉ ለ24 ልጅና ለ2 ሰዓት ነው። እኔ 65 ተማሪና 40 ደቂቃ ነው ያለኝ። ደብተር ሰብስቦ ማረም አይታሰብም። እንዴት ያደርጉታል?

ጠመኔ

ደብተር አትሰብስብ። ነጭ ወረቀት ለ4 ቁረጥ፣ ለ65 ተማሪ 17 ወረቀት ይበቃል። ሩብ ወረቀት ላይ ከ3 ዓረፍተ ነገር በላይ ስለማይጻፍ ልጁም አይበተንም፣ አንተም አትደክም።

ጊዜው እንዲህ ይከፈላል። 5 ደቂቃ፦ ሰሌዳ ላይ ሁለት መክፈቻ ትጽፋለህ፣ ተማሪው የትኛውን መቀጠል እንደሚፈልግ እጅ ያወጣል፤ ምክንያቱን 3 ልጅ ይናገር። 6 ደቂቃ፦ እያንዳንዱ 3 ዓረፍተ ነገር ይጽፋል። 8 ደቂቃ፦ አንድ ዴስክ ላይ ያሉት አባ ኮዳ ያለውን የ«ያየሁት» እና የ«ማወቅ የምፈልገው» ፈተና በወረቀቱ ጀርባ ይሠራሉ። 10 ደቂቃ፦ መልሶ መጻፍ። ይኼን እንዳትቆርጠው፤ ጊዜ ሲያጥር መጀመሪያ የሚሠዋው እሱ ነው፣ ትምህርቱ ያለው ግን እዚያ ነው። 8 ደቂቃ፦ 6 መክፈቻ ይነበባል፣ የጸሐፊው ስም ሳይጠራ፣ በአንተ ድምፅ። የሚንተባተብ አንባቢ ጥሩ መክፈቻ ይገድላል፣ አንደበተ ርቱዕ ደግሞ ደካማውን ያድናል። የቀረው 3 ደቂቃ ለመሰብሰብ ነው።

እርማቱ ነጥብ የለውም። ወረቀቶቹን እያነበብክ በ3 ክምር ክፈላቸው፦ የሚታይ ነገርም ጥያቄም ያለው፣ አንዱ ብቻ ያለው፣ ሁለቱም የሌለው። በቀይ እስክሪብቶ ሀን ከሐ፣ ሰን ከሠ ማረም እዚህ ላይ አይግባ። ያ የራሱ ክፍለ ጊዜ አለው። አንድ ወረቀት ላይ 9 ቀይ ክብ ያየ ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ በልቡ የሚያውቃቸውን ቃላት ብቻ ይጽፋል፣ መክፈቻውም ወደ «ከእንቅልፉ ተነስቶ» ይመለሳል።

ሁለታችሁንም አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ልጆች መክፈቻ ማሳመር ሲለምዱ የማይከፍሉትን ዕዳ ይገባሉ። «ያን ቀን ሕይወቴ ለዘላለም ተቀየረ» ይልና ታሪኩ የጠፋ እስክሪብቶ ፍለጋ ይሆናል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ታሪኩ ሲያልቅ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን አንቀጽ ብቻ አከታትለው ያንብቡ። መክፈቻው ላይ የታየው ነገር እንደገና ካልመጣ ከሁለት አንዱን ያድርጉ፦ ነገሩን ወደ መጨረሻው ያምጡት፣ ወይም መክፈቻውን ዝቅ ያድርጉ። ስለ ንግር፣ የሚመጣውን አስቀድሞ ስለመጠቆም፣ ያስተማራችኋቸው እዚህ ላይ ይሠራል። 300 ቃል ለሚሆን ታሪክ መክፈቻው ከ40 ቃል አይለፍ፤ በልጅ እጅ ጽሑፍ ከ5 እስከ 7 መስመር ነው።

ድርብ ሰረዝ

አንድ የረሳሁት አለ፣ ሐይቅ ዳር ቅዳሜ እንደምታገኘው እርግጠኛ ነኝ። ልጁ በገመዱ በደንብ ይጀምርና 4ኛው መስመር ላይ «ይኼ ከመሆኑ በፊት ታምሩ ጠዋት ከእንቅልፉ ተነስቶ...» ይላል። ከላይ የሸፈንነው በምልሰት ተመልሶ ገባ። ምልሰት ለዚህ ዕድሜ ከ1ኛው ገጽ ይውጣ።

ልጁ ወደኋላ የሚሄደው የሚናገረው መረጃ ስላለው ነው፣ መረጃው ማረፊያ ይፈልጋል። ማረፊያው «የ» ናት። «አባቱ ጀልባዋን የገዛት ተበድሮ ነበር፣ ዕዳው ገና አላለቀም» ብሎ በ2 መስመር ከማቆም «ዕዳዋ ገና ያላለቀው ጀልባ የለችም» ይበል። የታሪኩ ጊዜ ሳይቆም ያለፈው ገባ፣ የጀልባዋ መጥፋትም ከበደ። አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አንድ እንዲህ ያለ ጭነት ብቻ። «ዕዳዋ ያላለቀው፣ አባቱ አምና የገዛት፣ ሰማያዊ ቀለም የተቀባችው» ሲባል ዓረፍተ ነገሩ ጀልባዋ ላይ ሳይደርስ ይደክማል።

ሐይቅ ዳር

ሁሉንም ደብተሬ ላይ ገልብጫለሁ። ለቅዳሜ ጭረቱንና የቁራጭ ወረቀቱን ፈተና ይዣለሁ፣ ጉድለቱን ለቀጣዩ። የታምሩን ታሪክ የጻፈውን ልጅ ለብቻው አነጋግረዋለሁ። ገመዱ ተፈትቶ ነው፣ ተቆርጦ ነው ወይስ ተበጥሶ ብዬ እጠይቀዋለሁ።

ድርብ ሰረዝ

ሦስቱን አትስጪው። አንዱን መርጦ ይመልስልሻል፣ ምርጫውም የእኔ እንጂ የእሱ አይሆንም። «ታምሩ የገመዱን ጫፍ ሲያነሳው ምን ይመስል ነበር?» በይውና ዝም በይ። «አላውቅም» ካለ ገመድ ይዘሽለት ሂጂ፣ አንድ ክንድ ይበቃል። በእጁ ይያዘው።